የሰማ ጆሮ

እኛ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። ቡናው ሲፈላ ሰፈሩም አብሮ ይፈላል። ይህን የምለው ማንንም ለማማት አይደለም፤ እኔም ከጠጪዎቹ አንዱ ነኝ፤ በረካ ሳልጠጣ ተነስቼም አላውቅ። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። በአቦል የኑሮ ውድነት ይነሳል፤ በቶና የልጆች ትምህርት ይነሳል፤ በበረካ ሰው ይነሳል።

ከወራት በፊት በአንዱ ቅዳሜ፣ ልክ በረካው ላይ፣ አንዲት ጎረቤታችን ስኒያቸውን መለሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ሰማችሁ?» አሉ። እናንተዬ፣ ይህቺ ቃል ምን ዓይነት ጉልበት እንዳላት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሁላችንም ሳይታወቀን አንድ ስንዝር ወደፊት ተጠጋን። እኔ እንኳ ሳነበው የነበረውን ጋዜጣ አጠፍኩ።

ቡናውን የምታፈላው የእህቴ ልጅ ነበረች። ሰባት ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ በ2012 ዓ.ም. የተመለሰች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አሳረፈችና በጣቷ የጆሮዋን ጫፍ ነካ አድርጋ «ዱንጎግ» አለች።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ ጎረቤታችን።

«ዱንጎግ። መስማት ማለት ነው። ክብር ማለትም ነው።»

«ዐረብኛ ነው?»

«አይ፣ የሴቡ ቋንቋ ነው።»

«ሴቡ ደግሞ የት አገር ነው?»

«ፊሊፒንስ።»

ወሬው በዚሁ ከሸፈ። ስለ ፊሊፒንስ ሙቀትና አውሎ ነፋስ ጥቂት ተወራና ቡናው አለቀ። ማን ምን ሆኖ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቃሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው በቃል ነገር እንደ ድመት ነው፤ አንድ ነገር ኮሽ ካለ ሳይከተል አይተኛም። ማታ እራት በልተን ስናበቃ «እስቲ ያቺን ቃል ከየት አመጣሻት?» አልኳት።

የሠራችበት ቤት ሁለት ሠራተኞች ነበሩት፤ እሷና ከሴቡ ደሴት የመጣች፣ በዕድሜ እናቷ ልትሆን የምትችል ሴት። የእህቴ ልጅ ሴትዮዋን «አቴ» እያለች ነበር የምትጠራት። ፊሊፒንሶች ታላቅ እህታቸውንም፣ በዕድሜ የምትበልጣቸውን ሌላ ሴትም የሚጠሩበት ቃል ነው። ከእኛ «እትዬ» ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ እነሱ ግን በአጋጣሚዋ ተጠቅመው ተዛመዱ። ጠዋት ጠዋት ልብስ ሲያሰጡ ከየበረንዳው የሌላ ቤት ሠራተኞች ብቅ ይላሉ፤ ሐበሻዋ ከሐበሻዋ፣ ፊሊፒናዋ ከፊሊፒናዋ ታወራለች። የአቴ አገር ልጆች ወሬ ሲከፍቱ «ናካዱንጎግ ካ?» ይላሉ። «ሰማሽ?» ማለት ነው። ከአሠሪዋ ቤት ስለጠፋች ልጅ፣ አረገዘች ስለተባለች ልጅ፣ ወርቅ ወሰደች ስለተባለች ልጅ ይቀጥላል። አቴ ግን ጣቷን ወደ ጆሮዋ አንስታ «ዱንጎግ» ትልና ልብሷን ማስጣት ትቀጥላለች።

«አንድ ቀን ምን ማለትሽ ነው ብዬ ጠየቅኳት» አለችኝ። «'የምትሰሚው የሰው ክብር ነው፤ ስትቀበይ ተጠንቀቂ' አለችኝ። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም አንድ ቃል ነው አለች።»

እውነቱን ልናገርና፣ አላመንኩም። ሰው ስለ ገዛ ቋንቋው የሚተርከው የቃል አመጣጥ ብዙ ጊዜ ተረት ነው፤ የሚያምረው ደግሞ በተለይ ይጠረጠራል። ተማሪዎቼን «ስም» እና «ሰማ» ዘመዳሞች ናቸው ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ እያልኩ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ! ሰምዐ በግዕዙ ዐይን አለው፤ ስም የለውም፤ መልካቸው ቢመሳሰልም አባታቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ የአቴንም ነገር ላጣራ ተነሳሁ። ጆን ዎልፍ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ትልቅ የሴቡዋኖ መዝገበ ቃላት አለ። ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። በጡረታ ዋዜማ ያለ ሰው ሌሊቱን በዚህ ቢያሳልፍ ማንም አይከሰውም።

የአቴ ነገር ተረት አልነበረም።

ሴቡዋኖ በፊሊፒንስ ከሚነገሩት ከ170 በላይ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለብሔራዊው ቋንቋ መሠረት የሆነው ታጋሎግ ስለሆነ በውጭው ዓለም የሚታወቀው ታጋሎግ ነው፤ ሴቡዋኖን ግን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይናገረዋል። በሴቡና በቦሆል ደሴቶች፣ በምሥራቅ ኔግሮስ፣ በሚንዳናውም ሰፊ ክፍል አፍ የሚፈታው በእሱ ነው። በዚህ ቋንቋ «ዱንጎግ» መስማት ነው፤ «ዱንጎግ» ክብርና መልካም ስም ነው። ቦታን የሚያመለክት «አን» የሚል ቅጥያ ሲከተለው የመካከሉ አናባቢ ይወድቅና «ዱንጋን» ይሆናል፤ ጆሮ፣ ቃል በቃል ስንፈታው «መስሚያ»። መሐሉ «አል» ሲሰነቀርበት «ዳሉንጋን» ይባላል፤ እሱም ያው ጆሮ ነው። ከዚሁ ግንድ «ዱንጋኖን» ይወጣል፤ የተከበረ፣ ስሙ የተመሰገነ ሰው። «ካዱንጋናን» ይወጣል፤ ክብር፣ ማዕረግ። «ፓሲዱንጎግ»ም ይወጣል፤ በአደባባይ ለሰው የሚሰጥ ክብር፣ ሽልማት። ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጆሮዋ ደግሞ የቆየች ጆሮ ናት። ማጄላን መርከቦቹን ይዞ ሴቡ የደረሰው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1521 ነው፤ በዚያው ወር በ27ኛው ቀን አጠገቧ ባለችው ማክታን ደሴት በላፑላፑ ሰዎች ተገደለ። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ፒጋፌታ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል የሰዉን ቃላት እየጠየቀ ይመዘግብ ነበር፤ 160 ያህል ሰብስቧል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጥርስ፣ ምላስ እያለ ሲወርድ ጆሮ ላይ ይደርስና «ደለንጋን» ብሎ ይጽፋል። ጀልባው አልፏል፣ አዛዡ ሞቷል፣ የእስፓኝ አገዛዝም ከ1565 እስከ 1898 ቆይቶ ሄዷል፤ ጆሮዋ ግን በአምስት መቶ ዓመት የለወጠችው አንዲት ሁለት ድምፅ ነው።

ግንዱ ከሴቡም ይሰፋል። የማሌይ ሰው «ደንጋር» ሲል፣ የታጋሎግ ሰው «ዲኒግ» ሲል ያንኑ መስማትን ማለቱ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ ቃል የወረዱ ናቸው። አውስትሮኔዥያዊ የሚባለው ይህ የቋንቋ ቤተሰብ ከታይዋን እስከ ማዳጋስካር፣ እስከ ኒውዚላንድ ድረስ በውቅያኖስ ላይ ተበትኗል። በኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድ ቃሉ «ሮንጎ» ሆኗል። መስማት ነው፤ ዜናና ዝናም ነው። «ትልቅ» የሚል ቃል ሲጨምሩበት «ሮንጎኑይ» ይሆናል፤ ዝነኛ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ባሕር የተለያዩ ሁለት ሕዝቦች ክብርንና ዝናን ፍለጋ ሲወጡ ሁለቱም ጆሮ ጋ ደረሱ።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ምንም አልገረማት። «ማዳምም ሁልጊዜ 'ሱምዓ፣ ሱምዓ' ትል ነበር» አለችኝ። ልክ ናት። ዐረቦች መልካም ስምን «ሱምዓ» ይሉታል፤ «ሰሚዓ» ሰማ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የሆሜር ጀግኖች የሚሞቱለት «ክሌኦስ» ሥሩ መስማት ነው። በሳንስክሪት «ሽራቫስ» ዝና ነው፤ እሱም ከመስማት የተወለደ ነው።

የእኛስ? እኛ «ክብር» ስንል ቃሉ ከጆሮ አይደለም፤ ሀብትን፣ ትልቅነትን፣ ማዕረግን ነው የያዘው። ከበረ ስንል በሀብትም በስምም ነው። «ዝና» ግን የጆሮ ልጅ ናት፤ ከግዕዙ «ዜና» የመጣች። ዛሬ ማታ በቴሌቪዥን የምንሰማው ዜናና የአንድ ሰው ዝና መሠረታቸው አንድ ነው። «ተሰሚነት ያለው ሰው» ስንልስ? ሀብቱን አልጠራን፣ ሥልጣኑን አልጠራን፤ የሚሰማው ጆሮ መኖሩን ብቻ ነው የተናገርነው።

ልዩነት ያየሁት ሌላ ቦታ ነው። እኛ በሰው ፊት መዋረድን ስንፈራ ፍርሃታችንን «ይሉኝታ» ብለን ጠራነው፤ «ምን ይሉኛል» ከሚለው። የምንፈራው አፍን ነው። የምንጠነቀቀውም ከአፍ ነው፤ «አፍህን ዝጋ» እንላለን፣ «አፈ ቅቤ» እንላለን፣ «አፉ የማያርፍ» እንላለን። ሴቡዎችም እፍረትን የሚፈሩ ናቸው፤ «ኡላው» ይሉታል፤ እፍረት የሌለውን ሰው «ዋላይ ኡላው» ብለው ሲወርፉት ስድቡ ቀላል አይደለም። ለሐሜትም «ሊባክ» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው፤ አልበቃ ብሏቸው ከእስፓኝ «ጺስሚስ»ን ተውሰው ጨምረዋል። እንግዲህ በሐሜት ከእኛ አያንሱም፤ ቅዱሳን አድርጌ እንዳልሳልባችሁ። በታጋሎግ ደግሞ ክብርን «ፑሪ» ይሉታል፤ ከሳንስክሪቱ «ፑጃ» በማሌይ በኩል የመጣ ነው ይባላል፤ ማወደስ ማለት ነበር። የሴት ልጅ ሲሆን ግን «ፑሪ» ድንግልናዋ ሆኖ ቁጭ ይላል። ክብርን ከሴት ልጅ ገላ ጋር መስፋት የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ ቋንቋው አንድ ነገር ያስቀረላቸው ይመስለኛል። «ሰማሽ?» ብሎ ወሬ የሚከፍት የሴቡ ሰው በዚያችው ጥያቄ ሆድ ውስጥ ክብር የሚለውን ቃል ሳያውቀው ይጠራል። ቃሉን በየቀኑ የሚናገረው ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ እኛስ «ይሉኝታ» ስንል «ይሉኛል»ን መቼ አስተዋልን? አቴ ግን አስተውላለች። አስተውላም ከበረንዳው ላይ አስተማረችበት። ትምህርቷ ይህ ነው፤ ክብርሽ ያለው አንቺ ጋ አይደለም፤ ሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ ነው። ያንቺ ጆሮ ውስጥ ደግሞ የሌላ ሰው ክብር ተቀምጧል።

ሕጉ ይህን ያህል አይሄድም። የፊሊፒንስ የወንጀል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1930 ሲወጣ «በክብር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች» የሚል ክፍል ነበረው፤ አለውም። በዚያ ውስጥ አንቀጽ 364 የሰውን ክብር ለማጉደፍ ሲል ነገር የሚሸርብን ሰው ይቀጣል። የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ሁለቱም የሚፈልጉት ተናጋሪውን ነው። አድማጩን የሚከስ ዐቃቤ ሕግ የለም። የሰማ፣ አንገቱን የነቀነቀ፣ ስኒውን ያስሞላ ሰው በየትኛውም አገር ነፃ ነው።

ግዕዝ ግን ነፃ አላለውም። «ስምዕ» ምስክርነት ነው፤ ሥሩ ሰምዐ፣ ሰማ ነው። «ሰማዕት» መጀመሪያ ምስክር ማለት ነው፤ ስለ እምነቱ የሞተውን የምንጠራበትም በዚያ ምክንያት ነው። የሰማ ሰው ምስክር ነው። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ጠመኔዬን አራግፌ ወጥቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አንድ ማታ ደስ እያለኝ ዘረገፍኩላት። ሰምታ ሰምታ ስታበቃ፦

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እኔ ስመጣ ስለ እኔ ምን ሰማህ?»

ያን ጊዜ ሻንጣ ሳትይዝ ነበር የመጣችው። በአንድ ፌስታል ልብስ። የሰባት ዓመት ደመወዟ የት እንደገባ እኛ ቤት ይታወቃል፤ ግማሹ የእናቷን ቤት ጣሪያ ቀይሯል፣ የወንድሟን ትምህርት ከፍሏል፤ የመጨረሻው ዓመት ጭራሽ አልተከፈላትም። ሰፈሩ ግን ሌላ ሒሳብ ነበረው። አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ የማን አጎት እንደሆንኩ ሳያውቅ ይሁን እያወቀ፣ ሒሳቡን ነገረኝ። ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም። ሰምቻለሁ። ያኔ ደግሞ ተዝካሩ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለትህን እኔም ሰምቻለሁ» አለችኝና ሳህኑን አነሳስታ ወደ ጓዳ ገባች። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ይቀለኝ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። የእሷ ነገር ሌላ ቆፍሮ አወጣብኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በማስተምርበት ጊዜ አንዲት ተመራቂ ነበረችን፤ ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ብዙ የማትናገር፣ ስትጽፍ ግን ሌላ ሰው የምትሆን። የመመረቂያ ጽሑፏን በሁለተኛ አንባቢነት ያየሁት እኔ ነኝ። ያየሁት ስል የተጠረዘውን ብቻ አይደለም። ሦስት ጊዜ በእጇ የጻፈችውን ረቂቅ አንብቤያለሁ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተከራክረናል፤ እኔ ተሳስቼ እሷ ልክ ሆና ተገኝታለች። በዚያ ዓመት ክፍሉ አንድ ረዳት ምሩቅ ይቀጥር ነበር፤ ግንባር ቀደሟ እሷ ነበረች።

በመምህራን ሻይ ክበብ ተቀምጠን አንድ ባልደረባችን ወንበሩን ሳብ አደረገና «ሰማችሁ?» አለ። ጽሑፉን የጻፈላት ሌላ ሰው ነው አለ። ሌላው ሰው ወንድ እንደሆነ፣ ለምን እንደጻፈላትም በፈገግታ አስረዳ። አራት ነበርን። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ አንብበኸዋል አይደል? እንዴት ነው?» አለኝ።

እናንተ ሆይ፣ ያቺ ደቂቃ የእኔ ነበረች። «ረቂቁን በእጇ ጽፋ ሳየው ነበር፤ የእሷ ነው» ማለት ስንት ቃል ነው? ሻዬን አማሰልኩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሐሜተኛው በክፍሉ ተሰሚ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ የዕድገት ማመልከቻዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከዚያም፣ ጥያቄውን እንዳላለፍኩት ሊቆጠርልኝ፣ «ጥሩ ጽሑፍ ነው» አልኩ።

ሳቁ። «እሱማ ጥሩ ነው!» አለ ባለ ወሬው።

ያን ሳቅ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጽሑፉ ጥሩ መሆኑን መስክሬ የማን መሆኑን አለመመስከሬ ወሬውን አጸናው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጥሩ ለሌላ ሆነ። ማንም አልጠየቃትም፤ ስላልተጠየቀችም መልስ አልሰጠችም። በክብሯ ላይ ችሎት ተቀምጦ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ፍርድ ሲሰጥ እሷ ምናልባት ቤተ መጻሕፍት ነበረች።

ከዓመታት በኋላ አንድ መጻሕፍት መሸጫ በር ላይ አገኘኋት። «መምህር፣ እንደምን ነዎት!» ብላ እጅ ነሳችኝ። ማስተማር እንደተወች፣ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እንደምትሠራ ነገረችኝ። «አሁንም ትጽፊያለሽ?» አልኳት። «አይ» ብላ ሳቀች። የሻይ ክበቡን ነገር ትወቅ አትወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎንብሳ ስትሰናበተኝ ግን ጆሮዬ ጋለ። ፊቴ ሳይሆን ጆሮዬ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ቃል ነበረች፤ ፓሲዱንጎግ። ሰውን በአደባባይ ማክበር። ሥሯ እንዳያችሁት መስማት ነው፤ እኔ ባልፈታው ይቅርታ ይደረግልኝና «ማሰማት» ብዬ ብፈታው ይሻለኛል። ሰው በሹክሹክታ የተነጠቀውን ክብር የሚመልስለት ከፍ ያለ ድምፅ ብቻ ነው።

ለእህቴ ልጅ የሚገባትን በለቅሶው ቤት ለነገረኝ ሰው ሄጄ ነግሬዋለሁ። ደነገጠ፤ «ኧረ እኔ እንደሰማሁት ነው» አለ። እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። ስመለስ ለልጅቱ ነገርኳት። «እሺ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። በማግሥቱ ቅዳሜ ቡናውን እንደ ወትሮው አፈላች።

ለተማሪዬ ግን የምሄድበት ሰው የለም። ባለ ወሬው አርፏል፤ ከሌሎቹ አንዱ አገር ውስጥ የለም፤ አንዱ ይህን ዓምድ እንደሚያነብ አውቃለሁ። ስሟን አልጠራም፤ ያለፈቃዷ ስሟን አንዴ አንስተነዋል፤ ይበቃል። እሷም፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበረውም፣ ስለ ማን እንደማወራ ያውቃሉ።

ጽሑፉ የእሷ ነበር። ረቂቁን በእጇ ጽፋ አይቻለሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይም ልክ የነበረችው እሷ ናት።

ሰማችሁ?